ከዲቲኮን ወጥቶ የማያውቀው ካምፐር

የ“እንሂድ” የካምፐር ማኅበር ኮሚቴ አሥራ አራተኛ መደበኛ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ቅዳሜ ነሐሴ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቦታ፦ ዙሪክ አጠገብ ባለችው ዲቲኮን፣ ከመጋዘኖቹ ጀርባ በቆመው የማኅበሩ ካምፐር (አልጋና ማብሰያ ያለው የጉዞ መኪና) ውስጥ። ስብሰባው በተጀመረበት ቦታ ስላልተጠናቀቀ ድንገተኛውን አጀንዳ ይመልከቱ።

የተጀመረበት ሰዓት፦ ለሦስት ሰዓት ተጠርቶ አራት ተኩል ላይ።

የተገኙ አባላት፦

1. አቶ ይልማ፣ ሰብሳቢ። በአገር ቤት የመምሪያ ኃላፊ የነበሩ፤ ከሥራ ጡረታ የወጡ፣ ከስብሰባ ግን ያልወጡ።
2. ወ/ሮ ሀቢባ፣ ሹፌር። ይህን የሚያህል መኪና ለመንዳት የሚደፍሩ ብቸኛ አባል።
3. ወ/ሮ እሌኒ፣ የምግብ ክፍል ኃላፊ።
4. አቶ ሱራፌል፣ የመንገድ ጥናት ክፍል ኃላፊ።
5. ለተሚካኤል፣ ጸሐፊ። ባለፈው ስብሰባ ባለመገኘቷ፣ በሌለችበት፣ በሙሉ ድምፅ የተመረጠች።

ያለ ድምፅ የተገኘች፦ ሉበና፣ የወ/ሮ ሀቢባ ልጅ፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጃገረድ።

ምልዓተ ጉባኤ፦ በመተዳደሪያ ደንቡ አራት አባል ከተገኘ ጉባኤው ይሟላል። አምስቱም ተገኝተዋል። ያሟላው የአባላቱ ትጋት ሳይሆን ዝናቡ እንደሆነ ጸሐፊዋ ትመሰክራለች።

የስብሰባው መነሻ፦ ማኅበሩ ካምፐሩን በጋራ የገዛው የዛሬ ሦስት ዓመት ነው። ዓላማውም ፏፏቴውን፣ የተፈጥሮ ፓርኩን፣ በየመንገዱ ዳር ያለውን የሚታይ ነገር ሁሉ እያዩ፣ በደረሱበት እያደሩ፣ ማንንም ሳያስቸግሩ አገሩን መዞር ነበር። ካምፐሩ እስከ ዛሬ የተጓዘው አንድ ጊዜ ሲሆን እሱም ከሻጩ ግቢ አሁን እስከቆመበት ድረስ ነው። ስብሰባ ግን አሥራ ሦስት ጊዜ አስተናግዷል። ዛሬ ነገሩ ያስቸኮለው ሉበና ሰኞ በጄኔቭ አጠገብ፣ ሜራን ውስጥ በሚገኝ ኬክ ቤት የሙያ ሥልጠና ስለምትጀምር ነው። የምትኖረውም ከእናቷ የአክስት ልጅ ከወ/ሮ ኂሩት ዘንድ ነው። ሀቢባና ኂሩት እንዴት የአክስት ልጆች ሆኑ ለሚል፣ ወሎ ነው፤ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ወ/ሮ ሀቢባ ወደ ማኅበሩ የገቡት ከልጃቸው ጋር አንድ ጊዜ እንኳ ለመዞር ሲሆን የቀራቸው ይህ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው።

አጀንዳ 1፦ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ማጽደቅ

ሰብሳቢው ያለፈው ቃለ ጉባኤ እንዲነበብ ጠይቀዋል። ያኔ ጸሐፊ የነበሩት አቶ ሱራፌል የጻፉት ስልካቸው ላይ እንደነበርና ስልኩ ባቡር ውስጥ እንደጠፋ አስረድተዋል። ስለዚህ አባላት ከትዝታቸው እንዲያጸድቁ ተደርጓል። ወ/ሮ እሌኒ ያለፈው ውሳኔ የመጋረጃው ቀለም እንደነበር ሲያስታውሱ፣ አቶ ሱራፌል የተወሰነው ጭራሽ መጋረጃ እንዳይኖር ነው ብለዋል። መጋረጃው ተሰቅሎ ስለታየ የወ/ሮ እሌኒ ትዝታ ጸድቋል።

በዚህ መካከል ሉበና ለመናገር ፈቃድ ጠይቃለች። በየዓመቱ ትምህርት ሲከፈት አስተማሪዋ “በዕረፍታችሁ የት ሄዳችሁ?” እያለች ስትጠይቅ ሌላው ልጅ ጣሊያን፣ ስፔን፣ ተራራ ሲል እሷ “እኛ ዚትሱንግ ነበረን” እንደምትል፣ ይህንንም ማለት ከጀመረች ሦስት ዓመት እንደሞላት ገልጻለች። ዚትሱንግ በጀርመንኛ ስብሰባ ነው። ቀጥላም “ጋሼ ይልማ፣ ሰኞ አዲስ ሹለ ነው። አዲስ ሰዎች። እንደገና ስብሰባ ማለት አልፈልግም። ቢተ” ብላለች፤ ሹለ ትምህርት ቤት፣ ቢተ እባክዎ ነው።

ሰብሳቢው ልጅቷ ማኅበሩን በትምህርት ቤት ደረጃ ማስተዋወቋ የሚያስመሰግን ነው በማለት ምስጋና እንዲመዘገብላት አዘዋል። ተመዝግቧል። ልጅቷ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፍታለች። ይህም ተመዝግቧል።

አጀንዳ 2፦ መንገድ

አቶ ሱራፌል ጥናታቸውን አቅርበዋል። በጥናቱ መሠረት ካምፐሩ ዛሬ ከዲቲኮን ተነስቶ፣ በበርን በኩል አልፎ፣ ቬቬ ወደምትባለው የሐይቅ ዳር ከተማ ይወርዳል። እዚያ ሐይቁ ውስጥ የተተከለ ትልቅ የብረት ሹካ አለ፤ የአገሩ ሰው ከሩቅ እየመጣ አጠገቡ ፎቶ ይነሳል። ካምፐሩ ውሃው ዳር ያድርና እሑድ ሜራን ይገባል።

ወ/ሮ እሌኒ በእጁ የሚበላ ሕዝብ ሹካ ለማየት አገር ማቋረጡ ምን ይሉታል ሲሉ ተቃውመዋል። አቶ ሱራፌል ሹካው የሚታይ እንጂ የሚበላበት አይደለም ሲሉ አስረድተዋል። ወ/ሮ እሌኒ “ሹካ ማየት ካማረህ የኔን መሳቢያ ክፈት” ብለዋል። ሰብሳቢው ከአጀንዳ እንዳይወጣ አሳስበዋል።

ወ/ሮ ሀቢባ አስተያየት ተጠይቀው፣ ሹካም ይሁን ማንካ ለሳቸው ልዩነት እንደሌለው ገልጸዋል። ከመጡ ጀምሮ ዙሪክ ጣቢያ የባቡሮችን ውስጥ ሲያጸዱ እንደኖሩ፣ እነዚያ ባቡሮች የሚሄዱበትን አገር ግን አንዱንም እንዳላዩ ተናግረዋል። “እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ጠዋት በሩን ስከፍተው ፊት ለፊቴ ውሃ፣ አጠገቤ ልጄ። ሌላውን እናንተ ወስኑ” ብለዋል። ሌላውን ወስነናል።

ሰብሳቢው በርን ላይ አቶ አብዱልአዚዝ እንዳሉ አስታውሰው፣ ደጃቸውን ረግጦ ሳይገቡ ማለፍ ነውር መሆኑን አመልክተዋል። ተደግፏል። አቶ ሱራፌል፣ በርን ከተገባ ሎዛን ያለው ሰላሃዲን ሐዘን ላይ ስለሆነ ለቅሶ ሳይደረስ አይታለፍም ብለዋል። ተደግፏል። ወ/ሮ እሌኒ ደግሞ ቪንተርቱር ያለችው ናኒ ከወለደች ሳምንቷ መሆኑን፣ “እንኳን ማርያም ማረችሽ” ሳይሏት መንገድ መውጣት የማይታሰብ መሆኑን ገልጸዋል። አቶ ሱራፌል ቪንተርቱር በተቃራኒው አቅጣጫ እንደሆነ በስልካቸው ካርታ አሳይተዋል። ሰብሳቢው ካርታውን መነጽራቸውን አድርገው ከተመለከቱ በኋላ፣ አቅጣጫ ሰው ያወጣው ነገር ነው፣ ወላድ ግን አትጠብቅም ብለዋል።

አቶ ሱራፌል መጋረጃው ተዘግቶ ማንም ሳያየን በየከተማው ሹልክ ብለን እንለፍ የሚል የመጨረሻ ሐሳብ አቅርበው ነበር። ነገር ግን በዘጠነኛው ስብሰባ ውሳኔ መሠረት በካምፐሩ ጎንና ጎን “እንሂድ” ተብሎ በትልልቅ የአማርኛ ፊደል ስለተጻፈበት ሐሳቡ ውድቅ ሆኗል።

ከብዙ ውይይት በኋላ፦ ጉዞው ወደ ቪንተርቱር ወደ ኋላ ተመልሶ እንዲጀምር፣ በርንና ሎዛን በየቤቱ እንዲገባ፣ ሹካው ግን ጊዜ ስለማይበቃ በመስኮት እንዲታይ ተወስኗል።

አጀንዳ 3፦ የመኝታ ድልድል

ካምፐሩ አራት አልጋ ሲኖረው ተጓዦቹ ስድስት ናቸው። ሰብሳቢው በዕድሜ ትልቅ በመሆናቸው ሰፊው አልጋ እንዲሰጣቸው ሐሳብ ቀርቧል። ሰብሳቢው “ኧረ ሴቶች እያሉ! አይደረግም” ብለው ለወ/ሮ እሌኒ ለቀዋል። ወ/ሮ እሌኒ ሹፌር እረፍት ያስፈልጋታል በማለት ለወ/ሮ ሀቢባ ለቀዋል። ወ/ሮ ሀቢባ “እሺ” ብለዋል። ወዲያው እሺ ማለታቸው ጉባኤውን ስላስደነገጠ፣ ወ/ሮ እሌኒ “የምርሽን ነው?” ሲሉ ጠይቀዋል። ወ/ሮ ሀቢባም “ኧረ ተይው፣ ጋሼ ይተኙበት” ብለው መልሰዋል። አልጋው ወደ ሰብሳቢው ተመልሷል። ሰብሳቢው በመሐላ እምቢ ብለዋል።

የሦስቱ ትናንሽ አልጋዎች ጉዳይም በዚሁ መልክ ታይቷል። አቶ ሱራፌል ወንበር ላይ፣ ወ/ሮ እሌኒ መሬት ላይ፣ ሰብሳቢው ደግሞ ቁጭ ብለው እንደሚያድሩ በየተራ ምለዋል። ጸሐፊዋ አንዱ አልጋ ለሷ ቢሰጥ እንደማትቃወም ተናግራለች፤ የሰማት የለም።

ከብዙ ውይይት በኋላ፦ ማንም ማንንም እንዳይበልጥ አራቱም አልጋዎች ባዶ እንዲያድሩ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።

አጀንዳ 4፦ ስንቅና ክብደት

ወ/ሮ እሌኒ የፍልሰታ ጾም ትናንት በመፈታቱ የተዘጋጀውን ስንቅ አሳውቀዋል። እነዚህም አንድ ትልቅ ድስት ዶሮ ወጥ፣ ለወ/ሮ ሀቢባና ለሉበና በሐላል ሥጋ ለብቻው የተሠራ ሁለተኛ ትልቅ ድስት፣ ከሁለቱም ወገን እንግዳ ቢመጣ ማንም እንዳይከፋ ደግሞ ሦስተኛ ድስት ሽሮ ናቸው። በየመንገዱ ለሚጠየቁት ቤቶች የሚሰጠው ድፎ ዳቦ ከዚህ ውጭ ነው። አቶ ሱራፌል ሁለት ቀን ለሚቆይ ጉዞ ይህ ለሻለቃ ጦር የሚበቃ ነው ብለዋል። ወ/ሮ እሌኒ ብልጭ ብሎባቸው፣ ሰው ከመንገድ ሲመጣ ባዶ ድስት ከማሳይ ሞቴን እመርጣለሁ ሲሉ መልሰዋል።

አቶ ሱራፌል ካምፐሩ ሊጭን የሚፈቀድለት ክብደት እንዳለውና በድስቶቹ ምክንያት ሊያልፍ እንደሚችል አሳስበዋል። ሰብሳቢው ጉዳዩን ካጤኑ በኋላ፣ በአጀንዳ 3 ማንም አልጋ ላይ እንደማይተኛ ስለተወሰነ ፍራሾቹ ሥራ እንደሌላቸው አመልክተዋል።

ከብዙ ውይይት በኋላ፦ ድስቶቹ እንዲጫኑ፣ ፍራሾቹ እንዲወርዱ ተወስኗል። የሚያወርድ ንዑስ ኮሚቴ ለማቋቋም ግን ፈቃደኛ አልተገኘም።

ሉበና በዚህ ጊዜ፣ አልጋ የሌለው ካምፐር ካምፐር መሆኑ ይቀራል ወይ ስትል ጠይቃለች። ጥያቄው ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል።

አጀንዳ 5፦ ከሜራን የተደወለ ስልክ

ወ/ሮ ኂሩት ደውለው ድምፃቸው ለሁሉም እንዲሰማ ተደርጓል። ንግግራቸው ቃል በቃል የሚከተለው ነው፦ “ጋሼ ይልማ፣ እርስዎም አሉበት? እኔ እዚህ ለሁላችሁም አንጥፌ፣ ነገ ደጄ ድረስ መጥታችሁ መኪና ውስጥ ልታድሩ? ጎረቤቱ ምን ይለኛል? ኂሩት ዘመዶቿን መንገድ ላይ አሳደረች ነው የሚባለው! ያንን ቆርቆሮ እዚያው ትታችሁ በባቡር ኑልኝ። አለዚያ ዓይናችሁን አላይም።”

ሰብሳቢው ወ/ሮ ኂሩት እውነት እንዳላቸው ተናግረዋል። ጉዞው ዞሮ ዞሮ የሰው ቤት ለመጠየቅ ከሆነና ካምፐሩም ፍራሽ ከሌለው፣ ነገ ጠዋት በባቡር ሄዶ ልጅቱን አድርሶ መመለስ እንደሚበጅ፣ የካምፐሩ ጉዞ ለመጪው ክረምት ቢተላለፍ ምንም እንደማይጎድል አስረድተዋል።

ወ/ሮ ሀቢባ ተቃውመዋል። “ባቡርማ ስጠርገው እውላለሁ። ልጄን በሱ ጭኜ ልሸኛት? መጪው ክረምት እሷ የት አለች?” ብለዋል።  

ድምፅ ሲሰጥ ሁለት ድጋፍ፣ ሁለት ተቃውሞ ሆኗል። ጸሐፊዋ ከሁለቱም ወገን ላለመጣላት ድምፀ ተዓቅቦ አድርጋለች፤ ሐፍረት ይሰማታል። በደንቡ መሠረት ድምፅ እኩል ሲሆን ሰብሳቢው ሁለተኛ እጃቸውን ስለሚያወጡ፣ አውጥተዋል። በባቡር እንዲኬድ ተወስኗል።

ወ/ሮ ሀቢባ ውሳኔውን በጸጥታ ተቀብለዋል። ብርድ ነው፣ ሞተሩን ላሙቀው ብለው ከጠረጴዛው ተነስተው ወደ ፊት ሄደዋል። ሰብሳቢው ውሳኔውን ለወ/ሮ ኂሩት ለማብሰር፣ በሞተሩ ጩኸት የተነሳ ውስጥ ድምፅ ስለማይሰማ፣ ጃንጥላቸውን ይዘው ወርደዋል።

ድንገተኛ አጀንዳ፦ የስብሰባው ቦታ መንቀሳቀስ

ከዚህ በታች የጸሐፊዋ ጽሕፈት የተጣመመበት ምክንያት ቦታው ስለሄደ ነው።

ከሰዓት በፊት አምስት ሰዓት ተኩል ግድም ጉባኤው ዲቲኮንን ለቅቋል። ሰብሳቢው በኋላ መስታወት ውስጥ ጃንጥላቸውን እያወዛወዙ፣ እየራቁና እያነሱ ሲሄዱ ታይተዋል። ወ/ሮ እሌኒ “ሀቢባ! ሰውዬው!” ብለው ጮኸዋል። ወ/ሮ ሀቢባ ጎዳናውን እያዩ “በባቡር ይመጣሉ። የወሰኑት እሳቸው ናቸው” ብለዋል።

በአስቸኳይ ሁሉም ቀበቶ እንዲያስር ተወስኖ ወዲያው ተፈጽሟል፤ በማኅበሩ ታሪክ የተፈጸመ የመጀመሪያው ውሳኔ ነው። በሰብሳቢው መቀመጫ ላይ የዶሮው ድስት ተቀምጦ በቀበቶ ታስሯል።

ቀጥሎ ስብሰባው ሕጋዊ ነው ወይስ አይደለም የሚል ክርክር ተነስቷል። ሰብሳቢው በስልክ ገብተው፣ ቦታው ያለ ጉባኤው ፈቃድ ቦታውን ሊለቅ እንደማይችል በመግለጽ ሥነ ሥርዓት አስከብረዋል። አቶ ሱራፌል ደንቡ “ስብሰባ በካምፐሩ ውስጥ ይደረጋል” እንደሚል እንጂ ዲቲኮንን እንደማይጠቅስ፣ አራት አባል ካምፐሩ ውስጥ ስላለም ጉባኤው ሙሉ እንደሆነ፣ ከቦታው የጎደሉት ሰብሳቢው ራሳቸው መሆናቸውን አስረድተዋል።  ሰብሳቢው የየትኛው ጣቢያ ባቡር ቬቬ እንደሚያደርስ ጠይቀዋል።

የሚጠየቁት ቤቶች ነገር ወ/ሮ እሌኒን ዕረፍት ስለነሳቸው፣ ይቅርታ ለመጠየቅ በየተራ ደውለዋል። ናኒ ሕፃኑ ገና አሁን እንደተኛ፣ እሷም ሌሊቱን ዓይኗን እንዳልከደነች ገልጻ፣ “እትዬ እሌኒዬ፣ ስትመለሱ ብትመጡ እኔም ሰው እሆናለሁ” ብላለች። አቶ አብዱልአዚዝ ከቤተሰባቸው ጋር ሽርሽር ወጥተው ቤታቸው ዝግ ነበር። ሰላሃዲን ቤቱ በለቀስተኛ ስለሞላ ሌላ ቀን ቢሆን እንደሚሻለው ተናግሯል፤ ሲያመሰግንም ከልቡ እንደሆነ ይሰማ ነበር። ወ/ሮ እሌኒ ስልኩን አስቀምጠው “ለካ ሰዉ ራሱ ማረፍ ይፈልጋል” ብለዋል። ከዚያ በኋላ እስከ በርን ድረስ መስኮት መስኮቱን እያዩ ላሞች ቆጥረዋል፤ ሃይማኖታቸውን ሳይጠይቁ።

ፍሪቡርግን ካለፍን በኋላ ዝናቡ ቆሟል። ከዚያ መንገዱ ወደ ታች ሲታጠፍ ሐይቁ በአንድ ጊዜ ብቅ ብሏል። ሉበና “ማማ! ሉግ! እዪ!” ስትል ጮኻለች። ወ/ሮ ሀቢባ “አየሁት” ብለው ፍጥነታቸውን ቀንሰዋል። ከኋላ የነበሩት መኪኖች ያሰሙት ክላክስ እንደ ድጋፍ ድምፅ ተቆጥሯል።

አጀንዳ 6፦ ሹካው አጠገብ የተደረገ የማጠቃለያ ውይይት

በየመንገዱ እየቆምን አመሻሹ ላይ ቬቬ ደርሰናል። ሰብሳቢው በባቡር ቀድመውን ደርሰው፣ ሹካው ፊት ለፊት አግዳሚ ወንበር ላይ ጃንጥላቸውን አስደግፈው ተቀምጠው ነበር። ቁጣ ጠብቀን ነበር። እሳቸው ግን ለአንዲት የጃፓን እንግዳ ፎቶ ሲያነሱላት ደርሰን፣ “ቆዩ፣ ሥራ ላይ ነኝ” ብለውናል።

ወ/ሮ እሌኒ ሹካውን ከላይ እስከ ታች ከተመለከቱ በኋላ “ለዚህ የሚበቃ ወጥ አልሠራሁም” ብለዋል። ከቤት ከወጡ ጀምሮ ስንቁ አነሰ ሲሉ ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

ሐይቁ ዳር ካምፐሮች በሚያድሩበት ሜዳ ላይ ቦታ ተገኝቷል። ድስቶቹ ሲከፈቱ ከጎረቤት ካምፐር አንድ የበርን ባልና ሚስት ሽታው ስቧቸው መጥተዋል፤ የሽሮው ድስት ዓላማውን አሳክቷል። ይህ ሲሆን ወ/ሮ ኂሩት የት እንዳለን ከሰብሳቢው በስልክ ሰምተው፣ ከጄኔቭ በባቡር፣ ብርድ ልብስ ታቅፈው፣ ተቆጥተው ደርሰዋል። “እናንተ ቤቴ ካላደራችሁ፣ እኔ ደጃችሁ ላድር መጣሁ። እስቲ አሁን ማን ማንን መንገድ ላይ አሳደረ?” ብለዋል። ከዚያ ሉበናን አንገቷን አቅፈው ሳሟት፤ “ኬክ ሠሪዬ” ሲሉም ተሰምተዋል። የሚያወርድ ኮሚቴ ስላልተቋቋመ ፍራሾቹ ሁሉም በቦታቸው ነበሩ።

ሰብሳቢው አንድ የውሳኔ ሐሳብ አለኝ ብለው ተነስተዋል። ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን መኪና ያቆሙት እሳቸው መሆናቸውን፣ ከአገር ከወጡ ወዲህ የሚታዘዛቸው ነገር ስብሰባ ብቻ ስለነበር እንዲያልቅ እንዳልፈለጉ፣ ዛሬ ግን ባቡር ውስጥ ብቻቸውን ሲመጡ ይህ ቃለ ጉባኤ ያለ እሳቸው እየተጻፈ መሆኑ እንዳስቀናቸው ተናግረዋል። ቀጥለውም “ሀቢባዬ፣ ይቅር በይኝ” ብለዋል። ወ/ሮ ሀቢባ “ኧረ ጋሼ፣ ይብሉ፣ ወጡ ቀዘቀዘ” ብለዋል። ይቅርታው በዚህ ጸድቋል።

ውሳኔ፦ በዚህ ስብሰባ ከአጀንዳ 1 እስከ አጀንዳ 5 የተወሰነው በሙሉ፣ የመጋረጃው ቀለም ጭምር፣ ተሽሯል። በሙሉ ድምፅ።

ሰብሳቢው “ስብሰባው ተዘግቷል” ሳይሉ፣ አልተኛበትም ብለው በማሉበት ሰፊ አልጋ ጠርዝ ላይ እንቅልፍ ወስዷቸው፣ ተቀስቅሰው ወደ ወንበር ተሸጋግረዋል። ሰፊውን አልጋ ወ/ሮ ሀቢባና ሉበና ወስደዋል፤ ማንም “የምርሽን ነው?” አላለም። ለጸሐፊዋም አንድ አልጋ ደርሷታል።

በዚህም ምክንያት ስብሰባው የተዘጋው እሑድ ነሐሴ 18 ቀን ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ወ/ሮ ሀቢባ የካምፐሩን በር ሲከፍቱ ነው። ውሃው ፊት ለፊታቸው፣ ልጃቸው አጠገባቸው፣ ሁለቱም በባዶ እግራቸው ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል። ወ/ሮ ሀቢባ አልቅሰዋል። ጸሐፊዋም አልቅሳለች። ይህ በቃለ ጉባኤ አይጻፍም ተብሏል፤ ተጽፏል።

ወ/ሮ ሀቢባ “እንግዲህ ነገ ሲጠይቁሽ ምን ትያለሽ?” ሲሉ ልጃቸውን ጠይቀዋል።

ሉበናም ሹካውን እያየች ጥቂት አስባ፣ “ስብሰባ ነበረን ነው የምለው። ግን ማማ፣ ይኼን ስብሰባ ማን ያምነኛል?” ብላለች።

ጸሐፊዋ የዚህ ቃለ ጉባኤ አንድ ቅጂ ለማስረጃ እንዲሰጣት ወስናለች። ድምፅ አልተሰጠበትም።